ከባህል አዳራሽ እስከ መቂ፦ አንድ መንገድ፣ ብዙ ሐይቅ፣ አንድ ውሃ

ለመሆኑ ከሐዋሳ አዲስ አበባ ስንት ጊዜ ተመላልሳችኋል? ብዙዎቻችን ቁጥሩን አናስታውሰውም። ታዲያ በእነዚያ ሁሉ ጉዞዎች ስንት ወንዝ ተሻገራችሁ? ስንት ሐይቅስ አለፋችሁ? እኔ ይሄን ብጠየቅ ኖሮ አፍሬ ዝም እል ነበር። የመቂ ልጅ ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ መንገድ ተመላልሻለሁ። መኪናው የት እንደሚቆምና ምን የት እንደሚሸጥ በደንብ አውቃለሁ። ከድልድዮቹ ሥር የሚያልፈው ውሃ ከየት መጥቶ የት እንደሚሄድ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ባለፈው ሴሚስተር የጂኦግራፊ ትምህርት ክፍላችን የአንድ ቀን የመስክ ጉዞ አዘጋጅቶ ነበር። መነሻችን ሐዋሳ ባህል አዳራሽ፣ መድረሻችን መቂ። ለእያንዳንዳችን ሥራ ተሰጠን፤ ከጉዞው በኋላ በባህል አዳራሽ በሚካሄደው የተማሪዎች ዝግጅት ላይ ፎቶግራፎች ይሰቀላሉ፣ ከየፎቶው ሥር ደግሞ ማንም ተመልካች ሊገባው የሚችል አጭር ማብራሪያ ይጻፋል። ለእኔ የደረሰኝ የአብያታ ሐይቅ ፎቶ ነው። ጥያቄውም አንድ ነው፦ «ይህ ሐይቅ ለምን እየራቀ ሄደ?» ቀላል መስሎኝ ነበር። ምን ያህል ወደ ራሴ ቤት እንደሚያደርሰኝ ብገምት ኖሮ ምናልባት ሌላ ፎቶ እለምን ነበር።

መነሻ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ባህል አዳራሽ በር ላይ ተገናኘን። በኮንትራት የያዝነው ቅጥቅጥ ቀድሞን ቆሟል። ሹፌራችን በዚህ መስመር ብዙ ዓመት የሠሩ ጎልማሳ ሰው ናቸው፤ «ልጆቼ፣ መጋረጃውን ክፈቱት፣ ዛሬ የምትተኙበት ቀን አይደለም» ብለው አስጠነቀቁን። መምህራችንም ሳቅ ብሎ «ጋሼ ጨረሱልኝ» አለ።

ከከተማው ስንወጣ የመጀመሪያው ትምህርት ጥቁር ውሃ ላይ ነበር። የጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባው ዋነኛ ወንዝ ነው። የሚነሳው ደግሞ ከከተማው በስተምሥራቅ ካለው ከጨለለቃ ረግረግ ነው። ጨለለቃ በአንድ ወቅት ራሱን የቻለ ሐይቅ ነበር፤ ከዙሪያው ኮረብታ እየታጠበ በወረደው ደለል ምክንያት ዛሬ ረግረግና የከብት ግጦሽ ሆኗል። መምህራችን «ይሄን በልባችሁ ያዙልኝ፣ ማታ ስንመለስ እንነጋገርበታለን» አለንና አለፍን።

ሻሸመኔና አርሲ ነገሌ

ሐዋሳና ሻሸመኔ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ሻሸመኔ የመንገዶች መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ የመጣው፣ ወደ ሐዋሳና ዲላ የሚወርደው፣ ወደ ባሌ የሚወጣው፣ በሃላባ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚሄደው ሁሉ እዚህ ይገናኛል። ባጃጁና ጋሪው፣ ጭነት የሞላ አይሱዙው ተደራርቦ ማለፊያ የለም። ከተማዋ በውጭው ዓለም የምትታወቀው ግን በሌላ ነገር ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1940 ዓ.ም. ግድም ለጥቁር ሕዝቦች በሰጡት መሬት ላይ ከጃማይካና ከሌሎች አገሮች የመጡ ራስተፈሪያን ሰፍረውባታል።

ለእኛ ጉዳይ ግን ሻሸመኔ ሌላ ትርጉም አላት። በዚህ አካባቢ ከሚወርደው ዝናብ ከፊሉ ወደ ሐዋሳ፣ ከፊሉ ደግሞ ወደ ሰሜን ወደ ሻላ ሐይቅ ይፈሳል። አንድ ጣሪያ ሁለት ወገን እንደሚያፈስ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የምናየው ውሃ ሁሉ በገጸ ምድር ከሐዋሳ ሐይቅ ጋር አይገናኝም።

ከሻሸመኔ ቀጥሎ አርሲ ነገሌ። ነገሌ ስትባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው አረቄዋ ነው። እኛ ግን የተማርነው ስለ ማገዶው ነው። አረቄ ሲወጣ ቀኑን ሙሉ እሳት ይፈልጋል፤ ለዚያ የሚነደው እንጨት ለብዙ ዘመን ሲቆረጥ የኖረው በስተምሥራቅ ካለው ከሙኔሳ ደን በኩል ነው። ደን ሲሳሳ አፈር ይለቃል፣ የለቀቀ አፈር ደግሞ በወንዝ ወርዶ ሐይቅ ውስጥ ይገባል። በመንገዱ ዳርና ዳር ተደርድሮ የሚሸጠውን የከሰል ማዳበሪያም በዚሁ ዓይን ተመልከቱት። «አረቄና ሐይቅ ምን አገናኛቸው?» ብሎ የሳቀ ተማሪ ነበር፤ እስከ ላንጋኖ ድረስ ብቻ ነው የሳቀው።

ሁለቱ ጎረቤታሞች

ከነገሌ ወጥተን ቁልቁል ወርደን የአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ በር ደረስን። ፓርኩ 887 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት ሲኖረው ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ እንደሆነ ነው በወረቀት የተመዘገበው። ሰጎኖቹን አየን፣ ፎቶ ተነሳን። ከዚያ ወደ ከፍታው ወጥተን ቆምን።

ምን አለፋችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር በመንገዳችን ጥግ ይኖራል ብዬ አልገመትኩም። በግራ ሻላ፣ በቀኝ አብያታ፣ በመካከላቸው የፍቄ ተራራ። ሻላ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው። ጥልቀቱ 266 ሜትር ይደርሳል፤ በእሳተ ገሞራ ሰርጉዶ በተፈጠረ ገንዳ ውስጥ ነው የተኛው። ዳርቻው ላይ ፍል ውሃ ይንፈቀፈቃል። አብያታ ግን ገብጋባ ነው። ድሮ በደህናው ጊዜ እንኳ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙም አይበልጥም ነበር።

ወደ አብያታ ዳርቻ ወረድን። መኪናው ከቆመበት ተነስተን በእግራችን ሄድን፣ ሄድን፣ ውሃው ግን ይሸሻል። የምንረግጠው ነጭ ቅርፊት የሠራ፣ ሲረገጥ የሚሰበር መሬት ነው። ሹፌራችን ከኋላችን መጥተው ቆሙና «በወጣትነቴ መኪና ሳጥብ ውሃው እዚህ ነበር» አሉ። የቆሙበት ቦታ ላይ ውሃ ቀርቶ እርጥበት እንኳ የለም። ፎቶዬን ያነሳሁት እዚያች ቦታ ላይ ነው።

የአብያታ ስፋት በ1960ዎቹ ዓ.ም. 200 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ግድም ነበር። በሚቀጥሉት ሦስት ዐሥርት ዓመታት ግማሽ ያህሉን አጥቷል። ቢዘንብ ይመለሳል፣ ቢደርቅ ይሸሻል፤ አጠቃላይ አካሄዱ ግን ወደ መቀነስ ነው።

ሐይቅ እንዴት ያንሳል?

እዚህ ላይ ትንሽ ትምህርት ላብዛ። አብያታ መውጫ የለውም። የገባበት ውሃ የሚወጣው ወደ ላይ ብቻ ነው፤ ማለትም በፀሐይ ተንኖ። በስምጥ ሸለቆው ሙቀት ከሐይቅ ገጽ በዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ውሃ ይተናል። ስለዚህ የሐይቁ ስፋት የሚወሰነው በገቢና በወጪ ሚዛን ነው። ብዙ ውሃ ከገባ ሐይቁ ይሰፋል፤ ሲሰፋ የሚተነው ስለሚበዛ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ገቢው ሲቀንስ ደግሞ የሚተነው ከሚገባው ጋር እስኪመጣጠን ድረስ ሐይቁ ራሱን እያሳነሰ ይሄዳል። ልክ ደመወዙ የተቀነሰበት ሰው ከትልቅ ቤት ወደ ትንሽ ቤት እንደሚዛወረው ነው።

ነገሩ በስፋት ብቻ አያበቃም። ውሃ ሲተን ጨውና ሶዳ አብሮ አይተንም፣ እዚያው ይቀራል። ሐይቁ ባነሰ ቁጥር ውሃው እየመረረ ይሄዳል። አብያታ ውስጥ ድሮ ቆሮሶ ነበር። ዓሳው በነበረ ጊዜ በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚፈለፈሉት ፔሊካኖች ምግባቸውን የሚለቅሙት ከአብያታ ነበር፤ ሻላ ለመኖሪያ፣ አብያታ ለገበያ ማለት ነው። ዓሳው ሲያልቅ ፔሊካኖቹ ምግብ ፍለጋ እስከ ዝዋይ መሄድ ያዙ። ፍላሚንጎዎቹ ግን የሚበሉት በሶዳ ውሃ የሚበቅለውን ደቂቅ ዋቅላሚ ስለሆነ አሁንም ይመጣሉ። ስለዚህ መንገደኛው ሮዝ ወፎች አይቶ «እንዴት ያምራል!» ብሎ ይሄዳል። ያምራል፣ እውነት ነው። ግን ቤቱ ግማሽ ባዶ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው «የአብያታን ገቢ ማን ቀነሰው?» የሚል ሆነ። አንደኛው መልስ እዚያው አጠገቡ ነው፤ በሐይቁ ዳር የተተከለው የሶዳ አሽ ፋብሪካ ውሃውን በሰፋፊ ገንዳዎች ላይ እያሰጣ በፀሐይ በማስተነን ነው ሶዳ ሲያመርት የኖረው። ሁለተኛው የዝናብ መዋዠቅ ነው። ሦስተኛውን ለማግኘት ግን ወንዙን ተከትለን ወደ ላይ መውጣት ነበረብን።

ላንጋኖ፣ ቡልቡላ፣ ዝዋይ

አብያታ ውሃ የሚያገኘው በዋናነት ከሁለት ወንዞች ነው፦ ከላንጋኖ በሚመጣው ሆራ ቀሎና ከዝዋይ በሚመጣው ቡልቡላ።

ላንጋኖ ከመንገዱ በስተምሥራቅ ነው። ውሃው ቡናማ ነው፤ ብዙ ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል፣ አይደለም። በውሃው ውስጥ ተንሳፎ የማይዘቅጥ እጅግ የላመ ደለል ነው እንዲያ የሚያደርገው። የአርሲ ደጋ ወንዞች ያመጡት አፈርም ይጨመርበታል፤ ያ ነገሌ ላይ የሳቀው ልጅ እዚህ ላይ ዝም አለ። ሆራ ቀሎ ከላንጋኖ ወጥቶ ዋናውን መንገድ አቋርጦ ወደ አብያታ ይወርዳል። ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ! ሁሌም ተኝቼ።

ቀጥሎ ቡልቡላ ከተማ። ድልድዩ ላይ ወርደን ወንዙን አየነው። ቡልቡላ ብሎ ስም እዚህ ግባ የሚባል ውሃ አልነበረበትም፤ በድንጋይ ላይ ረግጦ ለመሻገር የሚቻል ነው። መምህራችን የወንዙን ገደል እንድናይ አደረገን። ነጣ ያለ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ አፈር ነው። የሐይቅ ደለል ነው አለን። ይህም ማለት እኛ የቆምንበት ደረቅ ሜዳ በአንድ ዘመን የሐይቅ ወለል ነበር። የዛሬ 10 ሺህ ዓመት ግድም ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ፤ ሞልቶ ሲፈስም ትርፉ ወደ አዋሽ ይሄድ ነበር። አየሩ ሲደርቅ ሐይቁ ወረደ፣ ተቆራረጠ፣ አራት ስም አወጣ። በወንዝ የተያያዙት የዚያ ዘመን ዝምድናቸው ስላልጠፋ ነው።

በአዳሚ ቱሉ በኩል አልፈን ዝዋይ ስንደርስ ምሳ ሰዓት ሆኗል። የከተማው መጠሪያ ዛሬ ባቱ ነው፤ እንደ እኛ ያለው መንገደኛ ግን አሁንም ዝዋይ ማለቱን አልተወም። ዓሳ ጥብስና ዓሳ ጉላሽ በላን። ሐይቁ ወደ 430 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ በእነዚያ ደሴቶቹ ላይ የዛይ ማኅበረሰብ ለዘመናት ኖሯል። ትልቁ ደሴት ቱሉ ጉዶ ላይ ደብረ ጽዮን ማርያም አለች፤ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ወደዚህ መጥታ ተጠልላ ነበር የሚል ትውፊት አላቸው። ስፋቱን አይታችሁ ግን በጥልቀቱ እንዳትታለሉ። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 9 ሜትር ግድም ነው፤ አማካዩ ከ3 ሜትር አይሞላም።

ቁልፉ ያለው እዚህ ነው። ዝዋይ እንደ ዝርግ ሳህን ነው። ቡልቡላ የሚነሳው ሳህኑ ሲሞላ ከከንፈሩ ከሚፈሰው ትርፍ ነው። ሳህኑ ትንሽ ሲጎድል ዝዋይ ላይ የቆመ ሰው ልዩነቱ አይታየውም፣ ሐይቁ ያው ሐይቅ ነው። ከንፈሩ ላይ የሚፈሰው ግን በአንዴ ይቀጥናል። ስለዚህ የጎደለው ዝዋይ ላይ ሆኖ የሚደርቀው አብያታ ነው። ጉዳቱ ከተጎዳው ቦታ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ስለሚጀምር ማንም «እኔ ነኝ» አይልም።

የዝዋይን ውሃ ማን ይወስዳል? ከተማው ይጠጣል። በሐይቁ ዳር ያሉት የአበባና የፍራፍሬ እርሻዎች ይስባሉ። ወደ ሐይቁ ከሚገቡት ከመቂና ከቀታር ወንዞች ላይ ገና ሳይደርሱ ይጠለፋል። ከዚያ ደግሞ ትናንሾቹ ሞተሮች አሉ፤ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያጠጡት።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ፀጥ ያልኩት። እነዚያን ሞተሮች አውቃቸዋለሁ። አንዱ የአባቴ ነው።

መቂ

ወደ መቂ ስንሄድ ለመምህራችን በጆሮው ነገርኩት። «ቲቸር፣ እኛም እኮ ከሐይቁ እየሳብን ነው የምናለማው» አልኩት። እሱ ግን ደስ አለው፤ «ታዲያ ከዚህ የተሻለ የመስክ ትምህርት ከየት ይመጣል? አባትሽ ይፈቅዱልን እንደሆነ ደውዪላቸው» አለ። አባዬ እንግዳ ይወዳል፤ ፈቀደ ብቻ ሳይሆን ማሳው ዳር ጥላ ሥር ሰሌን አንጥፎ ቲማቲም አጥቦ ጠበቀን።

ማሳችን ግማሽ ሄክታር ናት። ሞተሩ ሐይቁ ዳር ተቀምጦ በፕላስቲክ ቱቦ ውሃውን ወደ ዋናው ቦይ ይገፋል፤ ከዋናው ቦይ ወደ መደቦቹ በአካፋ እየተከፈተ ይለቀቃል። መምህራችን «አባት፣ ሞተሩ በቀን ስንት ሰዓት ይሠራልዎታል?» ብሎ ጠየቀ። አባዬም «እንደ ናፍጣው ነው ጌታዬ። ናፍጣ ሲገኝ እስኪረካ እለቃለሁ፣ ነገ ይጠፋ እንደሆነ ምን አውቃለሁ» አለ። አስተውሉ፤ የናፍጣ ስጋት ራሱ ውሃ ያባክናል ማለት ነው። ሰው ነገ ላላገኘው እችላለሁ ብሎ የሚፈራውን ዛሬ አብዝቶ ያጠጣል። በአፈር ቦይ ሲሄድ የሚሰርገውና በጠራራ ፀሐይ የሚተነው ደግሞ በላዩ ላይ።

መምህራችን ብር የሚያወጣ ሒሳብ አሠራን። ለምሳሌ ያህል አንድ ሄክታር አትክልት በአንድ ወቅት 5 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ ይፈልጋል እንበል። የአባዬ ግማሽ ሄክታር 2 ሺህ 500 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ በ430 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ ሲዘረጋ የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እንኳ አይሞላም፤ ከፀጉር ይቀጥናል። በሌላ በኩል ደግሞ የሐይቁ አንድ ሳንቲ ሜትር 4.3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ይህን ለመጠጣት 860 ሄክታር ይበቃል። በዙሪያው የሚለማው መሬት ደግሞ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የሚለማውም በዓመት አንዴ ብቻ አይደለም። በእርግጥ ካጠጣነው ከፊሉ ሰርጎ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ቢሆንም ሁለቱም ሒሳብ እውነት ነው። አባዬ ብቻውን ምንም አልወሰደም። ሁላችንም አንድ ላይ ግን ወንዝ ወስደናል።

በስልኬ ያነሳሁትን የአብያታ ፎቶ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ብዙ ጊዜ አየው።

«ይሄ ነጩ ሁሉ ውሃ ነበር?»

«አዎ አባዬ። ሹፌራችን እዚህ መኪና አጥቤበታለሁ ነው ያሉት።»

«ከእኛ ሐይቅ የሚሄድ ወንዝ እንዳለ አውቃለሁ። ተከትዬው ግን ሄጄ አላውቅም፣ ልጄ።»

እኔ ምን ልበል? እኔም እኮ አልሄድኩም ነበር፤ ድልድዩን በተኛሁበት ነው የማልፈው። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና እንዲህ አለ፦ «አንቺን ያስተማርኩሽ በዚህ ውሃ ነው። እኔ ብዘጋው የጎረቤቴ ሞተር አይዘጋ። ሁላችሁም በልክ ሳቡ ብሎ ሰብስቦ የሚያስማማን ቢኖር እኔ እምቢ አልልም። ብቻዬን ዝጋ ካላችሁኝ ግን ልጆቼን ምን ላብላ?»

ከመምህሩ ጀምሮ መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም። ጥፋተኛ ፈልገን የመጣን ሰዎች ቲማቲም ይዘን ተመለስን።

ማታ፣ ወደ ሐዋሳ

ስንመለስ ብዙዎቹ ተኝተዋል፣ እኔ አልተኛሁም። ስለዚህ መንገድ አንድ ነገር ልበል። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከሞጆ እስከ ባቱ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ አገልግሎት እየሰጠ ነው። ጊዜ ይቆጥባል፣ እሰየው። ነገር ግን በፍጥነት መንገዱ የሚሄድ ሰው ትናንሾቹን ከተሞች ወደ ጎን ትቷቸው ነው የሚያልፈው። የቡልቡላን ድልድይ፣ የአርሲ ነገሌን ከሰል፣ የሆራ ቀሎን ውሃ ለማየት በአሮጌው መንገድ ቀስ ብሎ መሄድ ይጠይቃል። ሐይቆቹ እንዴት እንደተያያዙ የሚናገሩት እነዚህ ትናንሽ ቦታዎች ናቸው።

ጥቁር ውሃ ስንደርስ መምህራችን የጠዋቱን ነገር አነሳ። የሐዋሳ ሐይቅ ወደ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋትና እስከ 22 ሜትር ጥልቀት አለው። እንደ አብያታ ሁሉ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ታዲያ ለምን አልመረረም? ለምን ቆሮሶና አምባዛ ይኖሩበታል? ጂኦሎጂስቶች የሚሰጡት ማብራሪያ ሐይቁ በወለሉ በኩል በመሬት ውስጥ እየሰረገ ይወጣል፣ ጨውንም ይዞ ይሄዳል የሚል ነው። ሐዋሳ ከሻላ በ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ውሃው መሬት ለመሬት ወደ ዝቅተኛው ቢሄድ አይገርምም። ጠዋት «ሻሸመኔ ላይ ተለያየን» ያልኩትን እንግዲህ አስተካክዬ ልበል፤ ከላይ ነው እንጂ ከታች አልተለያየንም።

ይህ በረከት ግን አደራ አለበት። በመሬት ውስጥ የሚሰርገው ውሃና የሟሟ ጨው ነው። ደለልና ፕላስቲክ አይሰርግም። ጎርፍ የሚያመጣው የመንገድ ዘይትና የፍሳሽ ዝቃጭም አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ጨለለቃ ድሮ እንደ ማጥለያ ሆኖ አፈሩን ያስቀርልን ነበር፤ አሁን ሞልቷል፣ ጎርፉ ደለሉን ይዞ በቀጥታ ይገባል። አብያታ ውሃ እያጣ ሲሄድ ሐዋሳ በአንጻሩ ሞልቶ ያስቸገረበት ጊዜ ነበር፤ በሐይቁ ዳር የምንንሸራሸርበት የአፈር ግድብ የተሠራው ለዚያ ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን ወደ ውጭ ሳይለቅ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ሆኖ የተነደፈውም ይህ ሐይቅ የተቀበለውን ቆሻሻ የሚያወጣበት በር ስለሌለው ነው። እኛስ? አሞራ ገደል ዓሳ በልተን የምንጥለው ላስቲክ የት ይሄድ መስሎናል?

ከፎቶው ሥር

በዝግጅቱ ዕለት ፎቶዬ ባህል አዳራሽ ውስጥ ተሰቀለ። ማብራሪያውን ስድስት ጊዜ ጽፌ ስድስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። መጀመሪያ «ፋብሪካው ነው» ብዬ ጻፍኩ፣ ከፊሉን ብቻ መናገር ሆነብኝ። «አርሶ አደሩ ነው» ብዬ ጻፍኩ፣ የአባዬ ፊት መጣብኝ። «የአየር ንብረት ነው» ብዬ ጻፍኩ፣ ማንንም የማይነካ ስለሆነ ዋሸሁ መሰለኝ። በመጨረሻ እንዲህ አልኩ፦ «ይህ አብያታ ሐይቅ ነው። ውሃው ከመቂና ከአርሲ ደጋ ተነስቶ በዝዋይና በላንጋኖ በኩል ይመጣል፤ በመንገድ ላይ ብዙዎቻችን እንቀንስለታለን። ይህን የጻፍኩት እኔም በዚያ ውሃ የተማርኩ ነኝ።»

አንዳንድ ተማሪ «ምነው ራስሽን ከሰስሽ?» ብሎኛል። ክስ አይደለም። በአብያታ ጉዳይ ቁጭ ብሎ መነጋገር የሚቻለው እያንዳንዱ ወሳጅ የወሰደውን መጠን ሲናገር ነው ብዬ ስለማምን ነው። አባዬም ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ ደውሎ «ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አለኝ። አነበብኩለት። «ደግ ነው» አለ። ከዚያም ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር በጠራራ ፀሐይ ማጠጣት ትተው ወደ ማታ ለማዞር እየተነጋገሩ መሆኑን ነገረኝ። ይህ አብያታን አይሞላውም፣ ሒሳቡን ከላይ ሠርተነዋል። ግን በእኛ በኩል ወሬው ተጀምሯል።

እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ መጋረጃውን ክፈቱት። ከነገሌ በኋላ በግራ በኩል የሚያብረቀርቀውን፣ በቀኝ በኩል የሚቀላውን፣ ቡልቡላ ድልድይ ላይ ከሥራችሁ የሚያልፈውን እዩት። የክፍላችን መምህራንም ይህን ጉዞ በየዓመቱ እንዲቀጥሉበት፣ በዚያችው ሹፌራችን ባሳዩን ቦታ ላይም በየዓመቱ አንድ ፎቶ እንዲነሳ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከእኛ ቀጥሎ የሚመጡት ልጆች ከሹፌር ትዝታ የተሻለ ማስረጃ ይኖራቸዋል።